የአያት ስም፣ ሰባት ቤትና «ላስት ኔም»

ባለፈው እትም አንዲት አንባቢ «የአያቴ ስም የቤተሰብ ስም ነው ወይ?» ብላ ጠይቃኝ፣ «አይደለም» ብዬ በሁለት መስመር አልፌያት ነበር። ጥፋቴ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስለ ስምና ስለ ዘር ቆጠራ ሆነ። አንዳንዶቹ ተቆጥተዋል፣ አንድ ሰው ደግሞ የእኔን ሰባት ቤት፣ ማለትም ወደ ላይ ሰባት ትውልድ፣ ቁጠር ብሎኛል (ስድስተኛው ላይ እቆማለሁ፣ አልደብቅም)። ዛሬ አምስቱን መርጫለሁ።

«በአንድ ቤት ሦስት ላስት ኔም»

*ወንድሜ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። አስተማሪው «የላስት ኔማችሁን ታሪክ ቤተሰባችሁን ጠይቃችሁ ኑ» ብሎ አዘዛቸው። ጓደኞቹ ስሚዝ ማለት ቀጥቃጭ ነው፣ ሚለር ማለት ወፍጮ ያለው ነው እያሉ መጡ። የኔ ልጅ ግን ግራ ገባው። የእሱ ላስት ኔም የባሌ አባት ስም ነው፣ የባሌ ደግሞ የባሌ አያት፣ የኔ የራሴ አያት። ብቻዬን ልጆቹን ይዤ ኤርፖርት ስደርስ «እናታቸው ነሽ?» እባላለሁ። አንዱን መርጠን ብንገላገልስ?*
*— የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ*

እህቴ፣ ልጅሽ ምንም አላጠፋም። ጥያቄው ነው በእኛ ልክ ያልተሰፋው። ስሚዝ የቤት ስም ነው። ድሮ አንድ ቀጥቃጭ ነበረ፣ ስሙ ልጅ ልጆቹ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ዛሬ ስሙን የያዘው ሰውዬ መዶሻ ጨብጦ አያውቅ ይሆናል። የእኛ ግን ቆጠራ ነው። ልጅሽ ሙሉ ስሙን ሲናገር ራሱን፣ አባቱን፣ አያቱን እየቆጠረ ነው። እሱ ነገ ሲወልድ አሁን መጨረሻ ላይ ያሉት አያት ይወጣሉ፣ አዲሱ ልጅ ከፊት ይገባል። እንደ ወረፋ ነው። ስለዚህ የአንቺ፣ የባልሽና የልጅሽ መጨረሻ ስም ቢለያይ ስህተት የለበትም፣ እንደውም ሦስቱም አንድ ቢሆን ነበር ቆጠራው የተበላሸው።

አበበ ቢቂላን ውሰጂ። የውጭ ጋዜጠኛ «ቢቂላ አሸነፈ» ብሎ ሲጽፍ፣ በእኛ አቆጣጠር የሮጡት አባቱ ናቸው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ስንት ጊዜ በአባቱ ስም ወርቅ ተሸልሟል! በነገራችን ላይ የሚገርም አጋጣሚ አለ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። በማግስቱ መስከረም 1 ቀን 1953 ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሥራ ላይ ዋለ። ያ ሕግ አንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም አለው ይላል። ይኸው ስንት ዓመቱ፣ የቤተሰብ ስም የሚባለውን ነገር ግን አገሬው አልተቀበለውም። ሕግ ወጣ፣ ሰዉ ግን አቶ እገሌ ብሎ የሰውየውን የራሱን ስም መጥራቱን ቀጠለ።

ብቻችንን ነን ብለሽም አታስቢ። አይስላንዶችም የአባታቸውን፣ አንዳንዴም የእናታቸውን ስም ወስደው «የእገሌ ልጅ» ነው የሚሉት፣ የስልክ ማውጫቸውም የሚደረደረው በራስ ስም ነበር። ቱርኮች ደግሞ እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ድረስ ቋሚ የቤተሰብ ስም እንዲይዙ የሚያስገድድ ሕግ አልነበራቸውም፤ አታቱርክ የሚለው ስም ራሱ ከዚያ ሕግ በኋላ የመጣ ነው። ላስት ኔም ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም ለማለት ነው።

የልጅሽ የቤት ሥራ ላይ ግን እኛ ከነስሚዝ እንበልጣለን ባይ ነኝ። የእኛ ስም ሙያ አይናገርም፣ የወላጅን የዚያን ቀን ስሜት ነው የሚናገረው። ካሳ፣ ምትኩ፣ ማስረሻ ከተባለ ብዙ ጊዜ ከእሱ በፊት የሞተ ልጅ ወይም ሌላ ሰው አለ። ተሾመ ሲባል አባት ያን ሰሞን ሹመት አግኝቶ ሊሆን ይችላል። በላቸው፣ ደምስስ፣ አሸብር የተባለ ልጅ አባቱ ከሰው ጋር ተጣልቶ ነበር፣ አራስ ልጁን ነው ለጠላቱ መልእክት ያደረገው። ሰው ጨቅላ ላይ ይህን ሁሉ ይጭናል? ይጭናል። እና የባልሽን እናት ደውዪላቸውና «ጋሼን ለምን እንዲህ አሏቸው?» በያቸው። አስተማሪው የሚፈልገው ታሪክ እዚያ ነው ያለው።

አንዱን ምረጡ ወይ አትምረጡ ለሚለው፣ የልጆቹን አንድ አድርጉ፣ የራስሽን ተዪው። በእኛ ሴት ስታገባ ስሟን አትጥልም፤ አሜሪካ ገባሁ ብለሽ የባልሽን አያት መሸከም የለብሽም። ለኤርፖርቱ የልጆቹን የልደት ወረቀትና የአባታቸውን የፈቃድ ደብዳቤ ቦርሳሽ ውስጥ አኑሪ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፣ በቤተሰቡ ውስጥ ገብረ ወይም ወልደ ያለበት ስም ካለ አንድ ላይ ይጻፍ። ተነጣጥሎ ሲጻፍ ገብረ መድኅን የነበሩት ሰውዬ ግማሹ የራስ ስም፣ ግማሹ የአባት ስም ሆነው አርፈውታል። ከዚያ በኋላ ማስተካከል ፍዳ ነው።

«አራት ቤት ላይ ቆምኩ»

*ጋሼ፣ ላገባ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች «ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ። በአባቴ በኩል አራት አውቃለሁ፣ በእናቴ ሁለት። አባቴ ዐርፏል። ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ አንዱ የሚነግረኝ ከሌላው አይገጥምም። መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር፣ ሳቁብኝ። ከየት ልጀምር?*
*— ሙሽራው፣ ባሕር ዳር*

እንኳን ደስ አለህ። መዝገብ ቤቶቹ ባይስቁ ጥሩ ነበር፣ ግን አልዋሹህም። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት (የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት) ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ነው። ቅድመ አያትህ እዚያ አይገኙም። የተራው ሰው መዝገብ ሰው ነው።

ድሮ ይህ መዝገብ ለምን ጠንካራ እንደነበረ ልንገርህ፣ ምክንያቱም አሁን የት እንደምትፈልገው ይጠቁምሃል። በእናንተ በኩል፣ ጎጃምም ሆነ ጎንደር፣ መሬት ርስት ነበር። ርስት የሚገኘው ደግሞ መሬቱን መጀመሪያ ያቀናው አባት ድረስ ዘርህን ቆጥረህ ስታደርስ ነው። በአባትም በእናትም መቁጠር ይቻላል። ስለዚህ ልጅ ዘሩን የሚያጠናው ለወግ አልነበረም፣ ለእንጀራው ነው። ያልቆጠረ መሬት የለውም። ክርክር ሲነሳ ዳኛ ፊት ቆመው የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ ቃላቸው ማስረጃ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነና ያ ሁሉ ቆጠራ ሥራ ፈታ። እኔ እንደሚመስለኝ አባቶቻችን ብዙ ቤት ቆጥረው እኛ አራት ላይ የቆምነው ስልጣኔ አስረስቶን አይደለም፣ የሚያስጠይቀን ነገር ስለጠፋ ነው።

ከዚህ ተነስተህ ጠይቅ። «የእገሌ አባት ማን ነው?» ብለህ ብትጠይቅ ሽማግሌ ይደክመዋል፣ ያገኘውን ይነግርሃል። ይልቅ «ያ መሬት ከማን ጋር አከራከራችሁ?» በል። የክርክር ነገር አይረሳም። አንዴ ከተነሳ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ያለ ድርሻው እንደገባ፣ ማን ሴት ልጅ ናት ተብላ እንደተበደለች ተራ በተራ ይመጣል። ሴቶቹን ጠይቅ፣ በተለይ በእናትህ በኩል ላለው። ለቅሶ ሲደርሱና ለተዝካር ሲጠራሩ የኖሩ እነሱ ናቸው። ሽማግሌዎቹን ደግሞ አንድ ላይ አትጠይቅ፤ አንዱ ትልቅ ሰው ከተናገረ ሌላው ለአክብሮት ዝም ይላል። ለየብቻ ጠይቀህ በኋላ አገናኛቸው፣ ያኔ እርስ በርስ ይተራረማሉ።

አይገጥምም ያልከው ብዙውን ጊዜ ውሸት ሆኖ አይደለም። አንድ ሰው ስንት ስም እንዳለው አስብ። የቤት ስም አለው። በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ፣ ቤተ ክርስቲያን የክርስትና ስም ይሰጣል። ጦረኛ ከሆነ የፈረስ ስም ይጨመርለታል። ተፈሪ መኮንን ብለን የምናውቃቸው ሰው በክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ሆነው ነገሡ፣ በፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ ጠቅል ናቸው። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ። ለነገሥታቱ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ለራሳችን አያቶች ግን ሦስቱን ስም ሦስት ሰው እናደርገዋለን። እኔ የእናቴን አያት ወራት ሙሉ ስፈልግ የኖርኩት ሰፈሩ በሚጠራቸው በፈረስ ስማቸው ነበር። ደብሩ ሄጄ ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ እንደዚያ የሚባል ሰው የለም አሉኝ። ሰውየው በክርስትና ስማቸው እዚያው አጸዱ ውስጥ ተቀብረው ኖሯል፣ መቃብሩን ተደግፌ ነበር የቆምኩት።

ሌላው ወጥመድ «ልጅ» የሚለው ቃል ነው። አያቱ ያሳደጉት ልጅ ሰፈሩ የአያትየው ልጅ ይለዋል፣ እና አንድ ቤት ይዘላል። «ወልደውት ነው ወይስ አሳድገውት?» ብለህ ደግመህ ጠይቅ።

ዓመተ ምሕረት አትጠይቅ፣ አይነግሩህም። ዘመኑን ጠይቅ። በክፉ ቀን ነው ካሉህ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ነው። በኅዳር በሽታ ከሆነ 1911፣ ማይጨው የዘመተ ከሆነ 1928፣ በታኅሣሥ ግርግር የተወለደ ከሆነ 1953 ነው። የሁለት ሰዎችን ዕድሜ እንዲህ አድርገህ ስታስተያይ አባት ከልጁ በአምስት ዓመት በልጦ ከተገኘ፣ ያው አንድ ቤት ተዘሏል ወይ ተዛውሯል።

ከዚያ ሒሳቡን ለማወቅ ያህል፣ አባትና እናትህን አንድ ብለህ ወደ ላይ ብትቆጥር ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ሰዎች አሉ፣ ከታች ጀምሮ ሁሉም ሲደመሩ 254። በአባት በአባት ብቻ የሚቆጥር ሰው ከ254ቱ ሰባቱን ነው የሚያውቀው! እና ለጋብቻ ሲባል በሁሉም በኩል መቁጠር ስላለብህ ሥራው ቀላል አይደለም፣ የልጅቷም ቤተሰብ ያግዝህ። ሳትጀምሩ በፊት ደግሞ አንድ ነገር ተስማሙ፣ አንዳንዱ ቆጣሪ አንተን አንድ ብሎ ይጀምራል፣ ሌላው አባትህን። በዚህ በአንድ ቤት ልዩነት ስንት ሰው ይጣላል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ እንደሆነ እንዲህ ሩቅ አይሄድም፤ ከጎን ዘመድ የሚከለክለው ከእህት፣ ከወንድም፣ ከአክስትና ከአጎት ጋር መጋባትን ነው። ሰባት ቤቱ የአባቶች ደንብ ነው። ግን አማቶችህ ጠይቀዋል፣ አንተም ልታገባ ነው፣ ስለዚህ ቁጠር።

«ከአጎቴ ልጆች ጋር ዘመድ አንመስልም»

*አባቴ እስራኤል የገባው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው፣ ወንድሙ ከዚያ ቀደም ብሎ በሱዳን በኩል። አጎቴ የተመዘገበው በአባቱ ስም፣ አባቴ በአያቱ ስም። እኛ አንድ የቤተሰብ ስም ይዘን፣ እነሱ ሌላ ይዘው እንኖራለን። የአባቴንም ስም ጸሐፊዋ ወደ ዕብራይስጥ ቀየረችው። ልጆቼ የአጎታቸውን ልጆች ስም ሲያዩ ባዕድ ይመስሏቸዋል።*
*— ከነታንያ*

ወንድሜ፣ የእናንተ ነገር የሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን ጭንቀት በአንድ ሌሊት ሲደርስ ማለት ነው። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት አካባቢ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ነው የገባው። እያንዳንዱ ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስም የሚል ባዶ ቦታ አለ። «ሚሽፓሃህ (ቤተሰብህ) ማን ነው?» ሲባል አንዱ አባቱን ተናገረ፣ ሌላው አያቱን፣ ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ቀድሞ በሱዳን በኩል በዘመቻ ሙሴ የገባው ደግሞ ለሌላ ጸሐፊ ነው የተናገረው። እንዲህ ሆኖ የአንድ እናት ልጆች በሁለት ስም ቀሩ። ስሙን መቀየሩ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱ እኔንም ያናድደኛል። ሰው የወላጁን ቃል ይዞ መጥቶ «ይሄ ይከብዳል» ተብሎ ሌላ ይሰጠዋል?

የቤተሰቡን ስም ተከትለህ ዘር አትፈልግ፣ ይበትንሃል። እናንተ ደግሞ ከብዙዎቻችን የተሻለ ነገር አላችሁ። ቤተ እስራኤል ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋባም፣ ስለዚህ ቆጠራው በሽማግሌዎቹና በቄሶቹ ዘንድ አለ። አንድ ትልቅ ወረቀት ዘርጋና ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ስም ጻፍ፣ አገር ቤት የተጠራበትን፣ እዚህ የተሰጠውን፣ መታወቂያው ላይ ያለውን የቤተሰብ ስም። የአገር ቤቱን በፊደል ጻፈው። በዕብራይስጥ ያለ አናባቢ ስለሚጻፍ ልጆችህ ነገ አስተካክለው አያነቡትም። የተወለዱበትን መንደር አትርሳ፣ ስም ሲጠፋ መንደር ያገናኛል።

«የንጉሥ ዘር ነን ይሉናል፣ ዲኤንኤ ልመርመር?»

*በቤታችን ሁሌም የሚባል ነገር አለ፤ ከነገሥታቱ ወገን ነን። አሁን ልደቴን አስታክኬ ምራቅ ልኮ የሚመረመረውን ነገር ልሞክር አሰብኩ። ይነግረኛል?*
*— ለንደን*

አይነግርሽም። የእኛ ሰው ናሙና እነዚህ ድርጅቶች ዘንድ ገና ጥቂት ነው፣ የሚነግሩሽ በጅምላ «ኢትዮጵያና ኤርትራ» ነው። ይህን ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም፣ መስታወት ይበቃል። ምርመራው ጎበዝ የሆነው ቅርብ ዘመድ በማገናኘት ነው። ከአክስትና ከአጎት ልጅ ጋር የምትጋሪው 12.5 በመቶ አካባቢ ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ቶሎ ይሳሳል። እና ምራቅሽን ከመላክሽ በፊት አንድ ነገር አስቢ፤ ያልጠበቅሽው ወንድም ወይም እህት ሊወጣ ይችላል፣ እናትሽን ሳታማክሪ ነገሩን ማንሳት ጥሩ አይደለም።

ስለ ንጉሡ ደግሞ፣ 128ቱን አስታውሺ። ወደ ላይ በሄድሽ ቁጥር እጥፍ ነው። ከ128 ሰው መሃል አንድ ባለሥልጣን መገኘቱ ምን ይገርማል፣ ግን እሱን ብቻ ቆጥረሽ ገበሬውን፣ ሸማኔውንና አገልጋዩን ስትተዪ ነው ችግሩ። ከዚህ ሁሉ ዓመት የአንባቢ ደብዳቤ «ከእረኛ ዘር ነን ይሉናል፣ እውነት ይሆን?» የሚል አንድም አልደረሰኝም።

«የአባቴ ስም ቦታ ላይ ያለው አጎቴ ነው»

*41 ዓመቴ ነው። አባቴ ሕፃን እያለሁ ሞተ። ታላቅ ወንድሙ ከገጠር አምጥቶ አሳደገኝ፣ ትምህርት ቤት ሲያስገባኝም በራሱ ስም አስመዘገበኝ። ዲግሪዬ፣ መታወቂያዬ፣ የቤቴ ካርታ ሁሉ በእሱ ነው። ልጄ ስለ አያቷ ስትጠይቀኝ ምላሴ ይያዛል። ልቀይረው?*
*— አዳማ*

ወንድሜ፣ እንዳንተ ያለው ሰው ብዛቱን ብታውቅ ትገረም ነበር። በትምህርት ቤት በር ላይ የተቀየረ ስም አገሩን ሞልቶታል። አንዳንዱ እንዳንተ በፍቅር የተቀየረ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በንጉሡ ዘመን ኦሮምኛ ወይም ሌላ ስም ይዞ የመጣ ልጅ «ይሄ ለመዝገብ አይመችም» ተብሎ በአስተማሪው ብዕር አማርኛ የተደረገ ነው፣ ያ እስከ ዛሬ ያማል። እናንተ አገር ጉዲፈቻ የታወቀ ነገር ነው፣ የአጎትህን ሥራ ማንም በክፉ አያየውም።

መቀየር ይቻላል፣ በፍርድ ቤት ነው የሚሆነው። ውሳኔው ሲወጣ ግን ያልካቸው ወረቀቶች ሁሉ ተከትለው መቀየር አለባቸው፣ ባንኩም ካርታውም የሥራ ማኅደርህም። በ41 ዓመት ያን ሁሉ ቢሮ መዞር የሚያዋጣ ከመሰለህ ግባበት። እኔ ብሆን ወረቀቱን እተወውና ለልጄ ቁጭ ብዬ እነግራት ነበር። ደግሞ አንድ ነገር ልብ አላልክም መሰለኝ። አጎትህ የአባትህ ወንድም ነው፣ ስለዚህ ሦስተኛው ስምህ ያው የራስህ አያት ነው። የተሳሳተው መሃሉ ብቻ ነው። ከእሳቸው ወደ ላይ ያለው ቆጠራህ አንድም ሰው አልጎደለበትም።

ምንም ከማድረግህ በፊት ግን አጎትህ በሕይወት ካሉ ሄደህ ንገራቸው፣ ከሰው እንዳይሰሙት። ያኔ ስልክህን መቅጃው ላይ አድርገህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥና የአባትህን የክርስትና ስም ጠይቃቸው፣ ሙስሊም ቤት ከሆናችሁም ስሙን ያወጡለት ማን እንደሆኑ። አብሯቸው ያደገ ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።